የታየ ግፍ፣ የተበጀ ዝምታ

በመጋቢት ወር 1928 ዓ.ም. አንድ ወጣት የስዊስ ሐኪም በኮረም አካባቢ በሚገኝ ሜዳ ላይ ቆሞ የሰማውን ድምፅ ከ11 ዓመት በኋላ ባሳተመው መጽሐፍ ውስጥ አስፍሮታል። ሐኪሙ ማርሴል ዡኖ ይባላል፤ በዓለም አቀፉ የቀይ መስቀል ኮሚቴ ተልኮ ወደ ኢትዮጵያ የመጣ ነበር። በሜዳው ላይ፣ በየዛፉ ሥር፣ ከጦር ሜዳ የተመለሱ ወታደሮች ተዘርግተው ነበር። እጃቸው፣ እግራቸው፣ ፊታቸው ጭምር በሰናፍጭ ጋዝ ተልጦ ሥጋቸው ይታያል። መድኃኒት የለም፤ ጥቂት ሐኪሞች ቢኖሩም ለዚያ ሁሉ ቁስለኛ የሚበቁ አልነበሩም። እነዚያ ሰዎች ባዕዱን ሐኪም ባዩ ጊዜ ደጋግመው ያሰሙት አንድ ቃል ነበር፤ «አቤት! አቤት!»

አማርኛ ለሚያውቅ ሰው ይህ ቃል ከሕመም ጩኸት የበለጠ ትርጉም አለው። አቤት የሚባለው ዳኛ ባለበት ነው። ተበዳይ በሹም ደጅ፣ በንጉሥ ችሎት፣ አለዚያም መንገድ ዳር ቆሞ፣ ሰሚ አለ ብሎ የሚጣራበት ቃል ነው። በኮረም ሜዳ የወደቁት ገበሬዎች ያመለከቱት በስም ለማያውቁት፣ ግን ከባሕር ማዶ አለ ለተባለ አንድ ዳኛ ነበር። ያ ዳኛ ማን ነበር? ሰምቶስ ምን አደረገ?

«በሰው ቁስል እንጨት ስደድበት» የሚለው የአማርኛ ተረት ነገሩን ባጭሩ የጨረሰው ይመስላል። የሰው ልጅ በጅምላ በሚፈጸም ግፍ ፊት ለምን ቸል ይላል ለሚለው ጥያቄ ሁለት መልሶች ሲሰጡ ኖረዋል። አንደኛው፣ ሰው ቸል የሚለው ስላላወቀ ነው፤ ቢያውቅ ኖሮ ዝም አይልም ነበር ይላል። ሁለተኛው ደግሞ ሰው በተፈጥሮው ልበ ደንዳና ነው፤ የራሱ ካልሆነ አያመውም ይላል። ኢትዮጵያ ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. የደረሰባት ግፍ ሁለቱንም መልሶች ይረታል። ግፉ በሰዓቱ ታውቆ ነበር፤ በቴሌግራም፣ በፎቶግራፍ፣ በሐኪም ምስክርነት ታውቆ ነበር። የዓለሙ ሰፊ ሕዝብም በመጀመሪያ ልበ ደንዳና አልነበረም። እንግዲህ በመካከሉ አንድ ሥራ ተሠርቷል ማለት ነው፤ ያወቀውንና የተቆጣውን ሕዝብ ወደ ዝምታ ያደረሰ ሥራ። ግዴለሽነት እንደ ሸማ ድርና ማግ ተሰጥቶት የሚሸመን ነገር መሆኑ ከዚህ ላይ ይታያል።

ነገሩን ከመነሻው ማየት ይጠቅማል። እ.ኤ.አ. በሰኔ 1935 በእንግሊዝ አገር ውጤቱ የተገለጸው ታላቅ ሕዝባዊ የሰላም ድምፅ መስጫ ከ11 ሚሊዮን በላይ ሰዎች የተካፈሉበት ሲሆን፣ ከእነዚህ ውስጥ ከ10 ሚሊዮን የሚበልጡት በወራሪ መንግሥት ላይ የኢኮኖሚ ማዕቀብ ይደረግ ብለው ነበር። በኒው ዮርክ ከተማ በሐርለም ሠፈር ጥቁር አሜሪካውያን በብዙ ሺህ እየሆኑ ስለ ኢትዮጵያ ተሰለፉ። በደቡብ አፍሪካ የደርባንና የኬፕ ታውን የወደብ ሠራተኞች ለኢጣሊያ ጦር የሚሄደውን ጭነት አንጭንም አሉ። የዕለት እንጀራቸው በዚያው ጭነት ላይ የተመሠረተ ሰዎች ናቸውና ይህ ከብዙ የአዳራሽ ንግግር የበለጠ ሚዛን አለው። በአዲስ አበባም በ1927 ዓ.ም. የተቋቋመው የሀገር ፍቅር ማኅበር ሕዝቡን በአደባባይ እየሰበሰበ በንግግርና በዘፈን ያነቃቃ ነበር።

በታኅሣሥ 1928 የእንግሊዙ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ሳሙኤል ሆርና የፈረንሳዩ ጠቅላይ ሚኒስትር ፒየር ላቫል ኢትዮጵያን ቆርሰው ለሙሶሊኒ ለማካፈል ያወጡት ዕቅድ ሾልኮ በፓሪስ ጋዜጦች ላይ ታየ። የእንግሊዝ ሕዝብ በቁጣ ተነሣ፤ ሆርም ሥልጣኑን ለቀቀ። ደንታ ቢስ ሕዝብ ሚኒስትር አያወርድም።

ታዲያ ያ ቁጣ ወዴት ሄደ? መጀመሪያ የበረደው «አንድ ነገር እየተደረገ ነው» በሚል ማስታገሻ ነው። የመንግሥታት ማኅበር ኢጣሊያ ወራሪ መሆኗን ከፈረደ በኋላ ከኅዳር 1928 ጀምሮ የንግድ ማዕቀብ አደረገባት። ስሙ ትልቅ ነበር። ነገር ግን ለጦርነቱ ዋና የሆኑት ነዳጅ ዘይት፣ የድንጋይ ከሰልና ብረት ከማዕቀቡ ውጭ ቀሩ። ኢጣሊያ ራሷ የምታመርተው አልሙኒየም ግን ከተከለከሉት ዕቃዎች ውስጥ ገብቶ ነበር። የሱዌዝ ቦይም አልተዘጋም፤ የጦር ሠራዊቱና የመርዝ ቦንቡ በእንግሊዝ ዘብ ፊት የቦዩን ቀረጥ እየከፈለ አለፈ። የነዳጁን ማዕቀብ በመርኅ የደገፈችው ሶቪየት ኅብረት እንኳ በተግባር ለኢጣሊያ ነዳጅ መሸጧን አላቋረጠችም፤ በዚያ ዘመን ይህን አንሥተው የወቀሱ ጥቁር አብዮተኞች መኖራቸው ሊዘነጋ አይገባም።

ግማሽ ማዕቀብ ከምንም ይሻላል የሚል ይኖር ይሆናል። ለወራሪው ያደረሰው ጉዳት ቢኖር እንኳ ለተመልካቹ የሰጠው ዕረፍት ይበልጣል። ለንደን ውስጥ ድምፁን የሰጠው ሠራተኛ ጉዳዩ በሹማምንት እጅ እንደ ገባ፣ ማኅበሩም እየሠራ እንደሆነ በጋዜጣ አነበበ፤ አንብቦም ወደ ቤቱ ገባ። የኅሊናውን ዕዳ ለጽሕፈት ቤት አስረክቦ የተኛ ሰው ጨካኝ ነው አይባልም። ብዙ ግዴለሽነት የሚጀመረው ግን በዚህ ዓይነት ቅን ርክክብ ነው።

ቀጥሎ የመጣው ጥርጣሬ ነው። ፋሺስቶቹ ዓለምን ማሳመን አላስፈለጋቸውም፤ ማደናገር ብቻ በቃቸው። ኢጣሊያ የመርዝ ጋዝን በጦርነት የሚከለክለውን እ.ኤ.አ. የ1925ቱን የጄኔቭ ፕሮቶኮል ፈርማ አጽድቃለች። ይሁንና ሙሶሊኒ ጋዝ ለመጠቀም ለግራዚያኒ በቴሌግራም የፈቀደው እ.ኤ.አ. ጥቅምት 27 ቀን 1935፣ ማለትም ወረራው ገና አንድ ወር ሳይሞላው ነው። ሲ 500 ቲ የተባለው ቦንብ እያንዳንዱ ከ200 ኪሎ ግራም በላይ የሰናፍጭ ጋዝ ይይዝ ነበር። ጋዙ የሚያቃጥለው ወዲያው አይደለም፤ ከሰዓታት በኋላ ቆዳውን ያሳብጣል፣ ይልጣል፣ ዓይን ያሳውራል። ባዶ እግሩን የሚዘምተው ገበሬ በሣር ላይ የረገፈውን ጠል የመሰለ ነገር ረግጦ አለፈ፤ ከብቱም ያንኑ ሣር ጋጠ፣ ከወንዙም ጠጣ።

ይህ ሁሉ ሲሆን የወራሪው አፍ ሦስት ዓይነት መልስ ይሰጥ ነበር። ጋዝ አልተጣለም አለ። ቲቶ ሚኒቲ የተባለ አብራሪ በኦጋዴን ተማርኮ ስለ ተገደለ የበቀል እርምጃ ነው አለ፤ በተከዜ በራስ እምሩ ጦር ላይ ጋዙ የተጣለው ግን አብራሪው ከመሞቱ በፊት በነበሩት ቀናት ነው። በፎቶግራፍ የታዩት ቁስለኞችም የሥጋ ደዌ ሕሙማን ናቸው አሰኘ። ሦስቱ መልሶች እርስ በርሳቸው ይጣላሉ፤ ያልተጣለ ጋዝ የበቀል እርምጃ ሊሆን አይችልም። ለሩቅ ተመልካች ግን መጣላታቸው ጉዳይ አልነበረም። «ሁለቱም ወገን ይዋሻል» ብሎ ጋዜጣውን ለማጠፍ አንዱ ብቻ ይበቃው ነበር።

ጥርጣሬው የበቀለበት መሬትም አስቀድሞ ታርሶ ነበር። ኢጣሊያ ከወረራው በፊት ለመንግሥታት ማኅበር ባቀረበችው ረጅም የክስ ጽሑፍ ኢትዮጵያን የአረመኔና የባሪያ ፈንጋይ አገር አድርጋ ሥላ ነበር። በወቅቱ በኢትዮጵያ ባርነት መኖሩ እውነት ነው፤ መካድም አያስፈልግም። ነገር ግን ባሪያውም ሆነ ጌታው፣ እረኛውም ሆነ ካህኑ ከአውሮፕላን በሚረጨው መርዝ እኩል ተቃጥለዋል። አንድ ሕዝብ አስቀድሞ ከሰው በታች ተደርጎ ከተሣለ ሞቱ ወንጀል መሆኑ ይቀርና የዘመን ግዴታ ይመስላል። እንግሊዛዊው ደራሲ ኤቭሊን ዋው በ1936 ያሳተመው የኢትዮጵያ መጽሐፍ የዚህ ዓይነቱ ዓይን ማስረጃ ነው፤ ቅኝ ገዥዋን አወድሶ በተገዢው ላይ ይሥቃል። ብዕሩ የሰላ ደራሲ መሆኑ ጥፋቱን አባሰው እንጂ አላቀለለውም።

ወደ ሐኪሙ ወደ ዡኖ እንመለስ። ያየውን አይቷል፤ ለላኪዎቹም በጄኔቭ አስታውቋል። እርሱ ብቻ አልነበረም። ታኅሣሥ 20 ቀን 1928 በመልካ ዲዳ የስዊድን ቀይ መስቀል ሐኪም ቤት በቦንብ ተመታ፤ ሕሙማንም፣ አንድ ስዊድናዊ ሠራተኛም ሞቱ። የካቲት 25 ቀን ደግሞ በኮረም አጠገብ በዶክተር ጆን ሜሊ የሚመራው የእንግሊዝ ቀይ መስቀል ጓድ በቦንብ ተደበደበ። በመጋቢት ወር ገና 16 ዓመቷ የነበረው ልዕልት ፀሐይ ለእንግሊዝ አገር ሴቶች ስለ መርዙ ዝናም የላከችው የድረሱልን ጥሪ በለንደን የመኳንንት ምክር ቤት ውስጥ ተነሥቷል።

በሚያዝያ ወር ጉዳዩን የያዘው የመንግሥታት ማኅበር ኮሚቴ ቀይ መስቀልን ስለ ጋዙ የምታውቀውን ስጠኝ ብሎ ጠየቀ። ዓለም አቀፉ ኮሚቴ እምቢ አለ። ምክንያቱ ገለልተኝነት ነበር፤ አንዱን ወገን ከከሰስኩ በሁለቱም ወገን ያለውን ቁስለኛ ለመርዳት በሩ ይዘጋብኛል የሚል ነው። ይህ ምክንያት እንዲያው ተራ ሰበብ ነው ብሎ መጣል ፍርደ ገምድልነት ይሆናል። በእርግጥም ምስክር የሆነ ሰው ሐኪም ሆኖ መግባት ይከለከል ይሆናል። ነገር ግን ኢጣሊያ በኢትዮጵያ በኩል ያለውን የቀይ መስቀል ሐኪም ቤት በቦንብ እያጋየች ሳለ ያ በር ቀድሞውንም ተዘግቶ ነበር። ዝምታው ያዳነው ቁስለኛ የቱ እንደሆነ ታሪክ ሊያሳይ አልቻለም። በኮረም ሜዳ የተሰማው «አቤት» በዚህ ሁኔታ ወደ ጄኔቭ ደርሶ፣ ተመዝግቦ፣ ቁጥር ተሰጥቶት መዝገብ ቤት ገባ።

የዝምታ ልምድ ደግሞ አንድ ጊዜ ከተለመደ ይቀላል። ከ6 ዓመት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. ጥቅምት 14 ቀን 1942፣ ያው ኮሚቴ በናዚ ጀርመን ስለሚጋዙትና ስለሚጨፈጨፉት ሕዝቦች ዓለምን የሚያስጠነቅቅ መግለጫ ያውጣ አያውጣ ተብሎ በጄኔቭ ተሰብስቦ ነበር። ረቂቁ ተዘጋጅቶ ሳለ እንዳይወጣ ተወሰነ። የምክንያቱ አነጋገር ከ1928ቱ ብዙም አይርቅም። ድርጅቱ ራሱ ከአያሌ ዓመታት በኋላ ያንን ውሳኔ የሞራል ውድቀት መሆኑን አምኗል።

ጄኔቭን ሳንለቅ አንድ ሳምንት ማየት ያስፈልጋል። ሰኔ 23 ቀን 1928 ዓ.ም. ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በመንግሥታት ማኅበር ጉባኤ ፊት ቆመው በሕዝባቸው ላይ የደረሰውን በአማርኛ ተናገሩ። ንግግሩ ሲጀመር የኢጣሊያ ጋዜጠኞች በፉጨት ሊያቋርጡት ሞክረው በፖሊስ ወጡ። ከሦስት ቀን በኋላ በዚያው አዳራሽ ስቴፋን ሉክስ የተባለ አይሁዳዊ ጋዜጠኛ በጀርመን አገር በወገኖቹ ላይ የሚፈጸመውን ግፍ ዓለም ይስማ ብሎ በመልእክተኞቹ ፊት ራሱን በሽጉጥ መታ፤ በዚያውም ሞተ። በማግሥቱ ጉባኤው በኢጣሊያ ላይ የተደረገው ማዕቀብ እንዲነሣ ወሰነ። በአምስት ቀን ውስጥ አንድ ንጉሠ ነገሥትና አንድ ጋዜጠኛ፣ አንዱ በቃል ሌላው በደሙ፣ ለአንድ ዳኛ አቤት ብለው ነበር። ዳኛው የዕለቱን አጀንዳ ጨርሶ ተነሣ።

እስከዚህ ድረስ የተነገረው በጦርነት ላይ ያለች አገር ታሪክ ነው። ከሰባት ወር በኋላ የሆነው ግን አውሮፓውያን መልእክተኞች ከመስኮታቸው ሊያዩት የሚችሉት ነበር። የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. አብርሃ ደቦጭና ሞገስ አስገዶም በገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ግቢ በግራዚያኒ ላይ ቦንብ ከጣሉ በኋላ የአዲስ አበባ ሕዝብ ለሦስት ቀናት ተጨፈጨፈ። ጨፍጫፊው ሠራዊቱ ብቻ አልነበረም። የፋሺስት ፓርቲ የከተማው ኃላፊ ጊዶ ኮርቴዜ በሰጠው ፈቃድ የመንገድ ሠራተኛው፣ ሾፌሩ፣ ግንበኛው ዱላና ቤንዚን ይዞ ወጣ። ቤቶች ሰዎች እንዳሉባቸው ተቃጠሉ። የኢትዮጵያ መንግሥት የሟቾቹን ቁጥር 30,000 ብሏል፤ ኢያን ካምቤል እ.ኤ.አ. በ2017 ባሳተመው ጥናት 19,000 ያህል ይገምታል። በግንቦት ወር ደግሞ የደብረ ሊባኖስ መነኮሳትና ምእመናን በግራዚያኒ ትእዛዝ ተረሸኑ።

ማን አየ? የአሜሪካው መልእክተኛ ኮርኔሊየስ ኤንገርት አይቶ ለዋሽንግተን በቴሌግራም አስታወቀ። የእንግሊዙ ተጠባባቂ ቆንስል ዊልያም ቦንድ አይቶ ለለንደን ጻፈ። ሪፖርቶቹ ደርሰዋል፣ ተነበዋል፤ በወቅቱ ግን ለሕዝብ አልታተሙም። የእንግሊዝ መንግሥት ከሙሶሊኒ ጋር ለመታረቅ መንገድ ይፈልግ ነበርና በኅዳር 1931 ዓ.ም. የኢጣሊያን ግዛት በሕግ አጸደቀላት። አሜሪካ፣ ሶቪየት ኅብረትና ሜክሲኮን የመሳሰሉ ጥቂት መንግሥታት ይህን ለማድረግ ፈቃደኞች ሳይሆኑ ቀርተዋል።

ሐንጋሪያዊው ሐኪም ላዲስላስ ሳቫም አይቷል፤ ምስክርነቱን ከዓመታት በኋላ ያተመችለት ሲልቪያ ፓንክኸርስት ናት። ከሁሉም ይልቅ የሚያስገርመው የኢጣሊያዊው ጋዜጠኛ የቺሮ ፖጃሊ ነገር ነው። «ኮሪዬሬ ዴላ ሴራ» ለተባለው ታላቅ ጋዜጣ የሚሠራው ይህ ሰው በመንገድ ላይ ሲደረግ ያየውን፣ የወገኖቹን ዱላና የብረት ዘንግ ጭምር፣ በግል ማስታወሻው ውስጥ አንድም ሳይሸሽግ ጻፈ። በጋዜጣው ላይ ግን ያን አላወጣም። ማስታወሻው የታተመው እ.ኤ.አ. በ1971 ነው። ሠላሳ አራት ዓመት! በአንድ ሰው መሳቢያ ውስጥ እውነትና ዝምታ ተቃቅፈው ኖሩ። ፖጃሊ ግዴለሽ ነበር ለማለት ያስቸግራል፤ ግድ የሌለው ሰው ማታ ማታ ቁጭ ብሎ አይጽፍም። ግዴለሽ የሆኑት በሚሊዮን የሚቆጠሩ የጋዜጣው አንባቢዎች ናቸው፤ እነርሱን እንዲህ ያደረጋቸው ደግሞ ያው ግድ ያለው ሰው ነው። ጨካኝ ሳይኖርበት ጭካኔ እንዲሰፍን የሚያስችለው አሠራር ይህ ነው።

ለኪነት ሰዎች ልዩ ትርጉም ያለው አንድ ንጽጽር እዚህ ላይ ይገባል። ከየካቲት 12 በኋላ በ66ኛው ቀን፣ እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 26 ቀን 1937፣ በስፔይን አገር ገርኒካ የተባለች ትንሽ ከተማ በጀርመንና በኢጣሊያ አውሮፕላኖች ተደበደበች። ዜናውን ለዓለም ካሰሙት ዋነኛው ጆርጅ ስቲር ነበር፤ በ1928 የኢትዮጵያን ጦርነት ለለንደኑ «ታይምስ» ሲዘግብ ቆይቶ ኢጣሊያኖች ከአዲስ አበባ ያባረሩት ያው ጋዜጠኛ ነው። ፓብሎ ፒካሶም በዚያው ወቅት ታላቁን ሥዕል ሣለ። ዛሬ የገርኒካን ስም ያልሰማ የተማረ ሰው ማግኘት ያስቸግራል፤ ከኢትዮጵያ ውጭ የካቲት 12ን የሚያውቅ ግን በጣት ይቆጠራል። የገርኒካ ሕዝብ ሞት ይነስ ማለት አይደለም። ስቲር በየካቲት ወር አዲስ አበባ ቢኖር ኖሮ ምን ይጽፍ እንደነበረ መገመት አያዳግትም። የተባረረው በከንቱ አልነበረም፤ ወራሪው ምስክርን ማስወጣት ከምስክር ጋር ከመከራከር እንደሚቀል ያውቅ ነበር።

በስድስት ኪሎ አደባባይ የቆመውን የሰማዕታት ሐውልት የሠሩት ዩጎዝላቮቹ ቀራፂዎች አንቶን አውጉስቲንቺችና ፍራኖ ክርሺኒች ናቸው። እነርሱም የፋሺስትን ወረራ በገዛ አገራቸው ያዩ ሰዎች ነበሩ። በሐውልቱ ዙሪያ ያሉትን የቅርጽ ሥራዎች ቀርቦ የተመለከተ ሰው ቁጥር ሳይሆን ሰው ያያል፤ ልጇን ያቀፈች እናት፣ የወደቀ ጎልማሳ፣ የሚጎትት ወታደር።

ይህ ነጥብ ከተመለካችነት ጥያቄ ጋር በጥብቅ የተያያዘ ነው። በኢትዮጵያ ባህል ሞት በቁጥር አይለቀስም። አስለቃሽ ቆማ የሟቹን ስም፣ አባቱን፣ አገሩን፣ ለጋስነቱን፣ ፈረሱን ሳይቀር እየጠራች ታወርዳለች፤ ለቀስተኛውም የሚያነባው በዚያ ስም ላይ ነው። ሙሾ የሚወርድለት ሰው ስም ያለው ነው። የመንግሥታት ሪፖርት ግን በሺህ ይቆጥራል። አንድ ሰው ሞተ ሲባል የሚደነግጥ ልብ አሥር ሺህ ሰው ሞተ ሲባል አሥር ሺህ ጊዜ አይደነግጥም፤ እንዲያውም ይደክማል፤ መያዣ ስለሚያጣ ነገሩን ያስቀምጠዋል። ቁጥር ለፍርድ ቤት ያስፈልጋል፤ ለልብ ግን አስለቃሽ ያስፈልጋታል። የኢትዮጵያ ሙሾ በአማርኛ፣ በትግርኛ፣ በኦሮምኛ ወርዷል፤ በጄኔቭ አዳራሽ ውስጥ ግን የሚተረጉመው አልነበረም።

ግዴለሽነት የሚመስል ሁሉ ግን ግዴለሽነት አይደለም። በየካቲት 12 ማግሥት በሩን ዘግቶ የጎረቤቱን ጩኸት እየሰማ ያልወጣ የአዲስ አበባ ነዋሪ ነበር፤ ኢትዮጵያውያንን በቤታቸው የሸሸጉ አርመኖችና ግሪኮችም ነበሩ። የመጀመሪያውን ከለንደኑ ሹም ጋር በአንድ ሚዛን ማስቀመጥ በደል ነው። ይህች ከተማ ይህን ልዩነት በሌላ ዘመን ዳግመኛ ተምራዋለች። በ1969 እና በ1970 ዓ.ም. በቀይ ሽብር ጊዜ የወጣቶች አስከሬን ደረታቸው ላይ ጽሑፍ ተለጥፎበት በየመንገዱ ሲውል፣ ለሥራ የሚሄደው ሰው አንገቱን አቀርቅሮ ያልፍ ነበር። እናት ለልጇ እንዳታለቅስ ተከልክላ ነበርና ሙሾው ራሱ ወንጀል ሆነ። ከሩቅ ያየ ሰው ያንን አላፊ አግዳሚ ልበ ደንዳና ነው ሊለው ይችላል። የፍርሃት ዝምታና የምቾት ዝምታ ከውጭ ሲታዩ አንድ ናቸው፤ ከውስጥ ግን አንደኛው እየነደደ፣ ሁለተኛው ተኝቶ ነው። አስቸጋሪው ነገር ፍርሃትም ሲቆይ ወደ ልማድ መለወጡ ነው። በአንደኛው ሳምንት በእንባ የታለፈው አስከሬን በአሥረኛው ሳምንት መንገድ እንደሚዘጋ ድንጋይ መታለፉን የዚያ ዘመን ሰዎች ያስታውሱታል።

ከጦርነቱ በኋላ ያለው ታሪክ አጭር ነው፤ አጭር የሆነውም ብዙ ስላልተሠራበት ነው። ኢትዮጵያ ለተባበሩት መንግሥታት የጦር ወንጀል ኮሚሽን ባዶሊዮንና ግራዚያኒን ጨምሮ የአሥር ሰዎችን ክስ አቀረበች፤ ኮሚሽኑም እ.ኤ.አ. በ1948 ክሱ ተገቢ መሆኑን ተቀበለ። በኢትዮጵያ ለሠሩት ወንጀል አንዳቸውም ፍርድ ቤት አልቀረቡም። ግራዚያኒ በአገሩ የተፈረደበት ከጀርመን ጋር ስለ ተባበረ ነው፤ የ19 ዓመት እስራት ተወስኖበት ከጥቂት ወራት በኋላ ወጣ። በዚያን ጊዜ የምዕራብ መንግሥታት ኢጣሊያን ለቀዝቃዛው ጦርነት ይፈልጓት ነበር። እ.ኤ.አ. በ2012 በትውልድ አካባቢው በአፊሌ በሕዝብ ገንዘብ መታሰቢያ ተሠራለት።

በኢጣሊያ ውስጥም የጋዙ ነገር ለዓመታት ተካደ። በወጣትነቱ በኢትዮጵያ በመኮንንነት የዘመተው ዝነኛው ጋዜጠኛ ኢንድሮ ሞንታኔሊ እኔ እዚያ ነበርኩ፣ ጋዝ አላየሁም እያለ የታሪክ ጸሐፊውን አንጀሎ ዴል ቦካን ሲሞግት ኖረ። እ.ኤ.አ. በ1996 የኢጣሊያ መከላከያ ሚኒስቴር ጋዝ መጣሉን በይፋ ሲያምን ሞንታኔሊም መሳሳቱን ተቀበለ። ስለ ሊቢያው አርበኛ ዑመር ሙክታር የሚናገረውና ግራዚያኒ የሚታይበት የ1981ዱ ፊልም ደግሞ በኢጣሊያ ለሕዝብ እንዳይታይ ታግዶ ቆይቶ በቴሌቪዥን የታየው እ.ኤ.አ. በ2009 ነው። ሲኒማን የሚንቁ ሰዎች አንድ መንግሥት አንድን ፊልም ወደ ሠላሳ ዓመት ያህል ለምን እንደ ፈራው ቢጠይቁ መልካም ነው።

በሚያዝያ 1931 ዓ.ም. ጦርነቱ ከዓለም ጋዜጦች ከጠፋ ሦስት ዓመት ሆኖት ነበር። በሰሜን ሸዋ ዘረት በተባለው ቦታ የአርበኛው የአበበ አረጋይ ተከታዮች ከቁስለኞቻቸው፣ ከሚስቶቻቸውና ከልጆቻቸው ጋር በአንድ ትልቅ ዋሻ ውስጥ ተከበቡ። ኢጣሊያኖቹ ዋሻው ውስጥ የሰናፍጭ ጋዝ አስገቡባቸው፤ እጃቸውን ሰጥተው የወጡትንም ወንዶች ረሸኑ። የሞቱት በመቶዎች ይቆጠራሉ። በዚያ ቀን በአካባቢው የቀይ መስቀል ሐኪም፣ ጋዜጠኛ፣ ቆንስል የሚባል አልነበረም። ነገሩ በጦር ሠራዊቱ መዝገብ ውስጥ ተጽፎ፣ መዝገቡም ሮማ ላይ ተቀመጠ።

እ.ኤ.አ. በ2006 ማቴዮ ዶሚኒዮኒ የተባለ ኢጣሊያዊ የታሪክ ተመራማሪ በመዝገቡ ያነበበውን ተከትሎ ወደ ዘረት መጣ። በዋሻው ውስጥ የሰው አጥንትና የቤት ዕቃ ስብርባሪ እንደወደቀ አገኘ። በውጭ አገር ጋዜጦች ስለ አዲስ ግኝት ተጻፈ። የአካባቢው ገበሬዎች ግን ለዋሻው ስም ነበራቸው፤ አመፀኛ ዋሻ ይሉታል።